ከ«ክሌሊያ» የተቆረጡ አሥራ ዘጠኝ ገጾች

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለኤርሲሊያ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? መርከብ ላይ የጀመረሽ ሳል ለቀቀሽ? ባልሽ ጁሊዮ ወገቡን ተሻለው? ልጆችሽ ፊያሜታና ላዛሮ የቦነስ አይረስን ቋንቋ ለመዱት? እዚያ አሁን በጋ ነው ይላሉ። እኛ ዘንድ ቦዩ በረዶ ሠርቷል፣ ጭጋጉም በመስኮት ገብቶ አብሮን ሊተኛ ምንም አልቀረው። እማማ ደህና ናት፤ ዓይኗ ግን አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። እኔም ደህና ነኝ፣ ንዴቱን ካልቆጠርሽብኝ።

ንዴቱ ግን መቆጠር አለበት። መጀመሪያ የተናደድኩት ደግሞ በአንቺ ነው፤ ታላቄ ስለሆንሽ አልደብቅሽም። ባለፈው ደብዳቤሽ «የሚሉሽን ሁሉ አድርጊ፣ ስለ እኛ ብለሽ ሥራሽን አትጪ» አልሽኝ። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? አንቺ ለእኔ አዝነሽ ነው፣ ይገባኛል። እኔ ግን ያን ቃል እንደ ፈቃድ ይዤ ያደረግኩትን ስትሰሚ፣ ምነው እጄን በቆረጠው ትያለሽ።

መጽሔታችን «ክሌሊያ» በዚህ ወር ሃያ ዓመት ሞላው። ዳይሬክተሩ ካቫሊየር ቦንፋንቲ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀሁ አለ። አንቺና ጁሊዮ ከአገር ከወጣችሁ በኋላ የተሾመው፣ ካቫሊየር የሚሉት የመንግሥት ማዕረግ ያለው ነው፤ ክር በመርፌ ማስገባት የማያውቅ፣ ጫማው ብቻ የሚያብረቀርቅ ሰው። እሱ ባለበት ቤት ውስጥ ምን እንደምንጽፍ ልንገርሽ? ቀጭን ሴት መሳል በመንግሥት ትእዛዝ ክልክል ነው፤ የጣሊያን እናት ዳሌዋ ሰፋ ይበል ተብሏል። የፈረንሳይ ቃል ካመለጠን ቅጣት አለ። ከወተት ተሠራ የተባለውን የአገር ውስጥ ሱፍ በየወሩ ማሞገስ አለብን። ባለፈው ሳምንት ኖሪና ጸሐፊዋ ከዚያ ሱፍ የተሰፋ ካፖርቷን ለብሳ ዝናብ መታት፤ ቢሮው ሁሉ የአይብ መደብር መሰለ። ካቫሊየሩ አፍንጫውን ይዞ «ምን ሸተተ?» ሲል፣ ኖሪና «አገር ወዳድነት ነው ጌታዬ» አለችው። ያን ቀን ብቻ ነው የሳቅኩት።

ለበዓሉ የጻፈውን ታሪክ አነበብኩት። «ክሌሊያ» የተባለው በጥንቷ የሮም ጀግና፣ ወንዝ ዋኝታ በተሻገረችው ስም ነው ይላል። ቆሽቴ አረረ። እናታችን ክሌሊያ ወንዝ አልተሻገረችም! እናታችን በጦርነቱ ጊዜ የወታደር ካፖርት ስትሰፋ ዓይኗን ያጠፋች ሴት ናት። በስሟ መጽሔቱን የጀመርነው እኛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንቺ ስትስዪ፣ እኔ የልብሱን ቅድ ስቆርጥ፣ ጁሊዮ በአባቱ ማተሚያ ሲያትም፣ እማማ እያንዳንዱን ቅጂ በእጇ ስታጥፍ። የመጀመሪያው ቅድ ምን እንደነበር ረሳሽው? ከሞተ ወታደር ካፖርት የልጅ ካፖርት እንዴት ይወጣል የሚል ነበር። ከሎዲ፣ ከፓቪያ፣ ከየመንደሩ ሴቶች «ልጄ በአባቱ ካፖርት ሞቆታል» ብለው የጻፉልሽን እኔ ነኝ ጮክ ብዬ ያነበብኩልሽ። በካቫሊየሩ ታሪክ ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። አንቺ የለሽም። ጁሊዮማ አይሁዳዊ ስለሆነ በአዲሱ የዘር ሕግ ስሙ ቀርቶ ጥላውም የለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ካቫሊየሩ ጠርቶኝ እናንተ የነበራችሁበትን የአሥራ ዘጠኙን ዓመት ጥራዞች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አገኘሁት። በየዓመቱ የመጀመሪያ እትም ላይ አንቺ ለአንባቢዎች የምትጽፊው ገጽ አለ አይደል፣ ከሥሩ ያንቺና የጁሊዮ ስም ያለበት? «እነዚህ ገጾች ለእንግዳ አይታዩም፤ ቁረጪያቸው» አለኝ። «ለምን እኔ?» ብለው፣ «እዚህ ቤት ካንቺ በላይ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ እጅ የለም። ደግሞ እህትሽ ስለሆነች ታማኝነትሽን አሳዪበት» አለና ምላጩን በሁለት ጣቱ ይዞ ሰጠኝ፤ ልክ ስኳር እንደሚያቀብል ሰው።

እኔም ቆረጥኩ። አዎ፣ ቆረጥኩ እትዬ! ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። «የሚሉሽን ሁሉ አድርጊ» ብላኛለች እያልኩ፣ እማማን ማን ይጦራታል እያልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ከ1920 ጀምሬ እስከ 1938 አሥራ ዘጠኙንም ቆረጥኩ። አንድ ፊደል አልነካሁም። እጄም እሱ እንዳለው ቀጥ አድርጎ ነው የቆረጠው፤ እስካሁን የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

በማግስቱ ካቫሊየሩ ጥራዞቹን ገልጦ አየና ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ይሄ ምንድን ነው? ምኑን ቆረጥሽው?» ብሎ ጮኸ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ገጾቹን ከመጠረዣው ሥር አልቆረጥኳቸውም፤ በየጥራዙ ውስጥ ሁለት ጣት የሚያህል የወረቀት ጠርዝ ቀርቷል። አስቤ ያደረግኩት እንዳይመስልሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ ኋላ የሚሰፋበትን የስፌት ትርፍ ሳልተው መቀስ ከፍቼ አላውቅም፤ ምላጩንም እጄ በለመደው መንገድ ነው የመራው። «የወለቀ ጥርስ ይመስላል፤ ማንም ገልጦ ሲያይ እዚህ አንድ ነገር ነበረ ይላል። እስከ ሥሩ ቁረጪው!» አለኝ።

እንጃ፣ «አንድ ነገር ነበረ ይላል» የሚለው ቃል ነው የቀሰቀሰኝ። ደሜ ፈላ። ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ነበረማ!» አልኩት። «እህቴ ነበረች። ባሏ ነበረ። እርስዎ ያልነበሩበት ዘመን ነበረ። ከፈለጉ በራስዎ እጅ ይቁረጡት» አልኩት። «በዚህ በር ከወጣሽ የሚላኖ መጽሔት ሁሉ ይዘጋብሻል» አለኝ። «ይዘጋ፤ እርስዎ ጋ ግን አይብ አይብ ይሸታል» ብዬው ወጣሁ። ስወጣ ለምድጃው ተብለው ቅርጫት ውስጥ የተጣሉትን ገጾች ከቀሚሴ ሥር ኮርሴቴ ውስጥ ከትቼ ነው። ኖሪና አይታኛለች፤ ዞር ብላ መስኮቱን ትወለውል ጀመር።

ኋላ የነገረችኝም እሷው ናት። ካቫሊየሩ ራሱ ሊቆርጥ ሞክሮ፣ የ1920ውን ጥራዝ ጠርዝ አገኘሁ ብሎ ከጎኑ ያለውን የሙሽራ ቀሚስ ከአንገት እስከ እግር ሰነጠቀው። ከዚያ ወዲያ አልደፈረም። ኤግዚቢሽኑ ላይ አሥራ ዘጠኙም ጥራዞች በመስታወት ሳጥን ተቆልፈው፣ ተዘግተው ነበር የቆሙት። እንግዶቹ ለመጽሔት ታሪክ ተጠርተው ሽፋን አይተው ተመለሱ።

እማማ ግን ነገሩን ስነግራት ከሥራ መውጣቴ አላስደነገጣትም፤ መቁረጤ ነው ያቃጠላት። «በእኔ መቀስ ባሳደግኩት እጅ!» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁለት ቀን ሙሉ ሾርባዬን ትበላለች፣ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ ታደርጋለች፣ በቃ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት «አምጪያቸው» አለችኝ። ገጾቹን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው፤ የመጽሔቱን ስፋት ታውቀዋለች፣ ስንት ሺውን አጥፋዋለች። ጣቷ የተቆረጠው ጎን ላይ ሲደርስ ቆመ። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ለካች፣ ደግማ ለካች። «ሁለት ጣት ይጎድላል። የት ሄደ?» አለችኝ። «ጥራዙ ውስጥ ቀርቷል» አልኳት። ከዚያ ገጾቹን አስተካክላ ደራረበቻቸውና «ይሄማ ይሰፋል» አለች። አለቀስኩ እትዬ፣ እንደ ሕፃን።

እንግዲህ ከእንግዲህ «የሚሉሽን አድርጊ» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። የሠፈሩ ሴቶች ቅድ ሊያስቆርጡ እዚሁ ጠረጴዛችን ድረስ መምጣት ጀምረዋል፤ አንራብም። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጥም፤ ከጄኖቫ በሚነሳው መርከብ ላይ የሚሠራው ጎረቤታችን ቤፔ በእጁ ያደርስልሻል። አሥራ ዘጠኙም ገጾች አብረውት ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ገጽ ከሁሉ በላይ አድርጌዋለሁ።

ፊያሜታን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ፤ መርፌ እንዳትፈራ። ላዛሮን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ኖሪና ሰላም ብላሻለች። ጁሊዮን ደግሞ እጅ ነስቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ስሙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እማማም ለሱ የምትለው አላት፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ፦ «ልጄ ጁሊዮ፣ ገጾቹን ከእርጥበት ጠብቅልኝ። ጠርዙ እዚህ ጥራዞቹ ውስጥ አለ። እኔ ባልደርስበት አርሚዳ ትሰፋዋለች፤ እሷም ባትደርስ ፊያሜታን መስፋት አስተምሩልኝ።»

ታናሽ እህትሽ አርሚዳ
ሚላኖ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1940