ቤቱን የምንጠብቀው በተራ ነው

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ የረገጥሽው ምድር ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ ደህና ነን። የአክስትሽ ልጅም ተዳረች።

ዳቦ ፋብሪካው አባትሽን ካሰናበተው ወዲህ ግን ተይዘናል። ሥራ አስኪያጁ፣ «መጀመሪያ የድርጅቱን ቤት ልቀቁ፣ ከዚያ የስንብት ክፍያውን ትወስዳላችሁ» ይላል። አባትሽ ደግሞ፣ «ከወጣን ወዲያ ማን ዞር ብሎ ያየናል? መጀመሪያ ይክፈሉ» ብሎ ተቀመጠ። ቤቱን ባዶ ካገኙት ይቆልፉብናል ብሎ ስለሚፈራ፣ ሁለታችን አብረን መውጣት ቀረ። ሠርጉንም ብቻዬን በላሁ፤ «ባልሽስ?» ሲሉኝ «ጉንፋን ይዞታል» አልኩ። የግቢው ዘበኛ ገበያ ስወጣ ባየኝ ቁጥር፣ «እትዬ፣ የዛሬው ተረኛ እስረኛ ጋሼ ናቸው?» እያለ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

ትናንት ግን አባትሽ የመውጫ ተራው ደርሶ እንኳ አልወጣም አለ። «ደጅ ምን አለኝ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ልጄ፣ ገንዘቡ ይቅርብንና እሱ ይትረፍልኝ። እኔ ስናገር «ተሸነፍሽ» ይለኛል፤ አንቺን ግን ይሰማሻል። እስቲ ደውለሽ «አባዬ፣ ቤቱን ልቀቁላቸው» በይው። እማዬ ነገረችኝ እንዳትይ ብቻ። ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ፣ የኔ ዓለም።

እናትሽ