በአቦ ቀን የታጨደው የገመድ ተክል

ለወንድሜ ለገብረ አማኑኤል፣ አዋሽ ዳር ካለህበት ይድረስህ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? በክረምቱ ወባ ጥሎህ እንደ ነበር ከሞላሌ ገበያ የተመለሰ ሰው ነግሮን እናታችን ሰንብተው ነው እህል የቀመሱት። አሁንስ ተነሥተሃል? እንጀራ ይበላልሃል? ሲያተኩስህ ውኃ የሚያቀብልህ ሰው አጠገብህ አለ? እኛ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን። እናታችን ጉልበታቸውን ከሚይዛቸው በቀር ደህና ናቸው። ባለቤቴ አልጣሽም ደህና ናት። ልጃችን ኮከቤ የፊት ጥርሷን አውልቃ ስትስቅ አንተን ትመስላለች ይሏታል። ስለ ጤናችን ከጠየቅህ ይኸው ነው። ስለ ቀረው ከጠየቅህ ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

የምጽፍልህ ስለላክኸው ዘር ነው። ካናቢስ እንደሚባል፣ በምትሠሩበት እርሻ ለገመድና ለጆንያ እየተሞከረ እንደ ሆነ ነግረኸኝ ነበር። «በትነህ ተኛ፤ አረም ማለት ነው፣ ራሱን በራሱ ያሳድጋል» ያልኸኝንም አልረሳሁትም። ወንድሜ፣ አዋሽ ዳር በትኖ መተኛት ይቻል ይሆናል። እዚያ ውኃው በቦይ ይመጣል፣ ፀሐዩም አይቀርም። መንዝ ላይ በትኖ የተኛ ሰው ሲነሣ የሚያገኘው አመዳይ ነው። አንተ እዚሁ ተወልደህ አድገህ ይህን እንዴት ረሳኸው?

እኔም ዘሩን የተቀበልሁት ወድጄ አይደለም። የጓሳ ሜዳ እንደምታውቀው ከመሬት አዋጁ ወዲህ ጠባቂ የለውም። ድሮ ተዘግቶ ዓመታት ከርሞ ሲከፈት ሣሩ ረጅምና ጠንካራ ነበር፤ ለጣራ ክዳንም ለገመድም ከዚያ ሌላ አንፈልግም ነበር። ዛሬ የፈለገ በፈለገው ቀን ያጭደዋል። የቀረው አጭር ነው፤ ሲገመድ ይበጠሳል። የእናታችን ቤት ጣራ ማሰሪያው ላልቶ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ክዳኑ ይነሣል። ገመድ የሚሆን ነገር ከጓሮዬ ከወጣ ምን ከፋኝ ብዬ ነው እንግዲህ እሺ ያልሁት።

ፍግ የበላ መሬት ይወዳል ስላልኸኝ የጓሮውን መሬት ሰጠሁት። አባታችን ዕድሜ ልካቸውን በእበት ያደለቡት፣ የበልግ ገብስ የማይነፍገን እርሱ ብቻ እንደ ሆነ ታውቃለህ። ያረስነውም እንደ ወትሮው ከኃይለ ኢየሱስ ጋር ነው። እኔም አንድ በሬ፣ እርሱም አንድ በሬ፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ከእኔ ይልቅ ያንተ ባልንጀራ ስለ ነበር፣ የገብሬ ዘር ነው ስለው ሳይጠይቅ በሬውን ይዞ መጣ።

ጥር ሲያልቅ ሰማዩ ጠቁሮ ዘነበ፤ በልግ ገባ አልን። ከዘሩ እኩሌታውን በተንሁ። በቅሎ ሁለት ቅጠል እንዳወጣ ዝናቡ ቀጥ አለ። ቀን ፀሐይና ነፋስ፣ ሌሊት ውርጭ ሆነ። የበቀለው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ የነበረበት እንኳ ጠፋ። ገብስ ብዘራበት ኖሮ ቢያንስ ለከብት የሚሆን ጭድ ይተርፈኝ ነበር። ከዚህ ተክል ግን ጭድም አልተረፈኝም።

በሰኔ መሬቱ ባዶውን ሳለ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጌጡ እየዞረ ማሳ ሊያይ መጣ። ዘንድሮ የመሬት ድልድል ስላለ ጦሙን ያደረ መሬት ተወስዶ መሬት ላነሰው ይሰጣል ተብሏል። ጌጡ ጓሯችን ላይ ቆሞ «ይኸስ ጦሙን አድሯል» አለኝ። ደነገጥሁ። «ኧረ አላደረም፣ እህል ሊዘራበት ነው፤ ዘሩም ይኸው» ብዬ ከረጢቱን አሳየሁት። ጨብጦ አሸተተና «ምን የሚባል እህል ነው?» አለ። «የገመድ እህል» ስለው አብረውት የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ከተማ ውስጥ የሚያጨሱት አይደለም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ወንድሜ የላከው ለገመድ የሚሆነውን ዓይነት ነው አልሁት። «መልካም፤ እህል ነው ካልህ እህል ብለን እንይዘዋለን፤ ሲታጨድ እናያለን» ብሎኝ ሄደ። በዚያው ቀን የቀረውን ዘር በተንሁ።

ክረምቱ ደግሞ ዘግይቶ መጣና መሄጃውን ረሳ። ሐምሌን ሙሉ ፀሐይ አላየንም። ተክሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ቢጫ ሆነ። ቦይ ብቀድለት ትንሽ አገገመ። ነሐሴ ላይ በረዶ አንድ ጊዜ ገረፈውና ግማሹ ተኛ። የቆመው ከወገቤ አላለፈም። አንተ ከሰው ቁመት ይበልጣል ብለኸኝ ነበር። አላፊ አግዳሚው «ይኸ የገብሬ ሣር ከእኛ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው እንዴ የሚያድገው?» እያለ ይቀልድብኛል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። እውነቱን ንገረኝ ካልኸኝ ግን በልቤ እረግምህ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አገራችን በየክረምቱ የምትገባውን ቃል አልረሳህም መቼም። በየወሩ በአምስት፣ በአቦ ቀን፣ ገብሱ እስኪገባ ድረስ ማረሻም ዶማም ማጭድም እህል ላይ አይነሣም። በረዶውን የሚመልስልን አቦ ነው ብለን በአባ ኪዳነ ወልድ ፊት፣ በደጀ ሰላሙ ቆመን ነው ቃል የምንገባው። እኔም ዘንድሮ ቆሜ ገብቻለሁ።

ከዘመን መለወጫ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። መስከረም አምስት ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ድንገት ተገለጠ። ወጥቼ ባይ ተክሉ ከሥሩ መበስበስ ጀምሯል። በጓሳ በኩል ደግሞ ሆዱ የነጣ ደመና እየተቆለለ ነው። ያ ደመና ምን እንደሚያመጣ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ማጭዴን ሳነሣ አልጣሽ «ዛሬ አቦ ነው» አለችኝ። «ነገስ?» አልኋት። «ነገማ የአቦ ማግስት ነው፤ ምን አለበት እስከ ነገ ቢጠብቅህ?» አለች። «ተክሉ ይጠብቀኝ ይሆናል፤ ደመናው አይጠብቀኝም» ብያት ወጣሁ። ከራሴም ጋር ተማከርሁ። ቃል የገባነው ስለ እህል ነው፤ ይኸ የማይበላ ነገር ነው፤ እህል አይደለም አልሁ። እስከ ማታ አጭጄ ጎተራው ሥር አስገባሁት። አላፊው ሁሉ አይቶኛል። ሰላምታ የሰጠኝ አልነበረም።

በማግስቱ አባ ኪዳነ ወልድ አስጠሩኝ። «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አሉኝ። «አባ፣ እህልኮ አይደለም፣ ሣር ነው» አልኋቸው። «ሣር ከሆነ በሬህ ይበላዋል?» አሉኝ። «አይበላውም፤ ያሸተውና ይተወዋል» አልሁ። «እንግዲያ ሰው የማይበላው እህል፣ በሬ የማይበላው ሣር ነው የዘራኸው? እኔ አልፈርድብህም፤ ለአቦ ራስህ ንገረው» ብለው አሰናበቱኝ።

እሑድ ከቀትር በኋላ በረዶው መጣ። በእኛ ቤት ላይ አልፎ ታች ማሳው ላይ ወረደ። ዘለላው ገና እየሞላ የነበረውን ገብስ አንገት አንገቱን ቆረጠው። ከሁሉ የባሰው የደረሰው በኃይለ ኢየሱስና በጎረቤታችን በጌታነሽ ማሳ ነው። የእኔ ገብስ ላይኛው መሬት ላይ ስለ ሆነ ብዙም አልተነካ። ተክሉም ጎተራው ሥር ደረቅ ነበር። እኔንም ቢመታኝ ኖሮ ከሰው ጋር አብሬ አለቅስ ነበር። ይኸ አየር የሚምረውን እንኳ አያውቅበትም።

ማግስቱን ጌታነሽ መንገድ ላይ ይዛኝ «ወልደ ጻድቅ፣ ገመድህ ደረሰልህ? ለመታነቂያ የሚሆን ቁራጭ አትነፍገንም መቼም» አለችኝ። ኃይለ ኢየሱስ ግን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። መጥቶ ቀንበሩን አየና «በሬዬ እግሩን አሞታል፤ ዘንድሮ አይጠመድም» አለኝ። በሬው ከበስተጀርባው ቆሞ ደህና አድርጎ ይግጣል። ሁለታችንም አየነው።

በጥቅምት ድልድሉ ደረሰ። አገር ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ኮሶ ሥር ተሰበሰበ። የእኛ ጓሮ ሲጠራ ጌታነሽ ብድግ አለች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኸ ሰው ለአባ እህል አይደለም ብሏቸዋል። እህል ካልሆነ መሬቱ ጦሙን አድሯል። በረዶ ለመታን ይሰጠን» አለች። እውነቷን ነው። በሰኔ ለጌጡ እህል ነው አልሁ፣ በመስከረም ለአባ ኪዳነ ወልድ እህል አይደለም አልሁ። ሁለቱም ሰምተውኛል፤ ሁለቱም እዚያው ተቀምጠዋል።

ጌጡ ሊያድነኝ ፈለገ፤ ግን አዳዳኑን ብታይ! «ጓድ ወልደ ጻድቅ በአጉል እምነት ሳይታሰር፣ ሌላው በዓል ብሎ ሲተኛ ሠርቶ የዋለ ንቁ ገበሬ ነው። ተነሥና እህል ነው፣ በበዓልም ቀን አጭጄዋለሁ በል። መሬትህን የሚነካብህ የለም፤ ለሌላውም ምሳሌ ትሆናለህ» አለኝ። ኃይለ ኢየሱስ መሬት መሬቱን ያያል። አይደለም ካልሁ እናታችን እህል የሚቀምሱባት ጓሮ ሄደች። ነው ካልሁ ቃሌን አፍርሻለሁ፤ በጌጡ ጭብጨባ ደግሞ አገሬ ላይ እንደ ተሳለቅሁ ይቆጠራል።

ተነሣሁና «እህል ነው። ዘርቼዋለሁ፣ አርሜዋለሁ፣ አጭጄዋለሁ። በአቦ ቀን ማጨዴ ግን ምሳሌ አይደለም። ቃል ገብቼ ነበር፣ አፈረስሁት። ጥፋት ነው» አልሁ። ጌጡ ፊቱ ጠቆረ፤ ቢሆንም ሰው ሁሉ ፊት የተናገረውን መልሶ ሊውጠው አልቻለም፤ መሬቱ በእጃችን ቀረ። ያጨበጨበ አልነበረም፤ የሰደበኝም የለም። አባ ኪዳነ ወልድ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድንጋይ እንዳቀርብ ቀኖና ሰጡኝ፤ ጨርሻለሁ። ገብሱ ሲደርስ ግን ለወንፈል የመጣልኝ ሰው የለም። እኔና አልጣሽ ብቻችንን አጨድነው።

ገመዱስ ትለኝ ይሆናል። ዘፍዝፈው፣ ላጠው፣ አድርቀው ብለኸኝ ነበር። ዘፈዘፍሁት፤ ላጥሁት። ማድረቂያ ፀሐይ ግን ከየት ላምጣ? ጥቅምት ላይ ይዘንባል ብሎ ማን ያስባል? አብዛኛው ሻግቶ እጄ ላይ ተፈረካከሰ። የተረፈው ሲገመድ ጠንካራ ነው፤ ውሸት አልናገርም፤ ከጓሳ ሣር ይበልጣል። የእናታችንን ጣራ ግን በአንድ ጎን ብቻ ነው ያሰርሁበት። በሌላው ጎን ክዳኑ አሁንም ይነሣል።

እንግዲህ ሌላ ዘር አትላክልኝ። ማጭዱን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ እርሱን አንተ ላይ አልጭንም። አንድ ነገር ግን አድርግልኝ። ለኃይለ ኢየሱስ ጻፍለት። እኔ ሁለት ጊዜ ደጁ ሄጃለሁ፤ ቁጭ በል ይለኛል፣ ጠላ ይቀዳልኛል፣ ስለ በሬው ሳነሣ ወሬ ይለውጣል። አንተን ግን ይሰማሃል፤ አባ ኪዳነ ወልድም ያነቡለታል። ስለ አየሩ ምንም አትጻፍበት፤ አየሩን ከአንተ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። ዘሩን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ አስቸኮልሁት በለው። ገብሱስ ምን ያህል ተረፈህ ብለህም ጠይቀው፤ እስካሁን ከእኛ ቤት የጠየቀው ሰው የለም፤ እኔ አፍሬ አልጠየቅሁትም። መሬቱ በጥር ካልታረሰ ለበልግ አይደርስም፤ ሳይዘራ ከቀረም ጌጡ በሚመጣው ዓመት እንደ ዘንድሮው አይሸፍንልኝም። መሬቱ አለ። የሚያርሰው ጥማድ ነው ያጣሁት።

እናታችን ጉንጭህን ይስማሉ፤ ወተት ካገኘህ ሳታፈላ እንዳትጠጣ ብለዋል። አልጣሽ በልተህ እደር ብላሃለች። ኮከቤ ጥርሷን ጣራ ላይ እንደ ወረወረች ንገርልኝ ትላለች። አባ ኪዳነ ወልድ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል፤ ከምን እንደሚፈቱህ ግን አልነገሩኝም። ጌታነሽ እንኳ «ያንን ገመድ ላኪ ሰላም በልልኝ» ብላለች፤ ስትስቅ ከመስከረም ወዲህ ገና አሁን ማየቴ ነው።

የኃይለ ኢየሱስን ሰላምታ ዘንድሮ አልጽፍልህም። አልሰጠኝም።

ወንድምህ ወልደ ጻድቅ
መንዝ፣ ከዘመሮ በላይ
ኅዳር 14 ቀን 1971 ዓ.ም.