ቤቴ ካፖርት በመልበሱ ስለደረሰኝ ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ የከተማ ገጽታ ማስዋቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ጥርስዎ ሳይንገጫገጭ፣ ጉልበትዎ ሳይንቀጠቀጥ፣ አፍንጫዎም እንደኛ አፍንጫ ሳይቀላ፣ የቢሮዎ ማሞቂያ ካጠገብዎ ሳይለይ በፍጹም ጤንነት እንዲያገኝዎ ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። እኔ በዋናው መንገድ ዳር፣ ከፀጉር ቤቱ ቀጥሎ ባለው ቤት የምኖር፣ በዚያው ቤት የፊት ክፍል ውስጥም ልብስ እየሰፋሁ ባሌንና አማቴን ይዤ የማድር ሴት ነኝ። ሳያስታውሱኝ አይቀሩም፤ ባለፈው ስንገናኝ «ማነሽ አንቺ?» ብለውኛልና።

ደብዳቤውን የምጽፈው ለማመስገን ብቻ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩ኛ፦ የመንገድ ዳር ቤቶች ሁሉ በዚህ ወር ውስጥ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ቀለም እንዲቀቡ፣ ያልተቀባ ቤት ውስጥ የሚነግድም ሱቁ እንዲታሸግ መመሪያ ስላወጡልን እናመሰግናለን። ዓመቱ ስንትና ስንት ሞቃት ወር እያለው፣ ውሃ በባልዲ ውስጥ በረዶ ሆኖ የሚያድርበትን ወር ለይቶ መምረጥ የተራ ሰው ጭንቅላት ሥራ አይደለም። እኔ ተራዋ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ «ብርዱ እስኪያልፍ ይታገሱን፤ በዚህ ውርጭ ቀለም አይይዝም፤ ሱቄ ከታሸገ ደግሞ የሦስት ሰው ጉሮሮ አብሮ ታሸገ ማለት ነው» ብዬ ስለምንዎ፣ ዓይንዎን ከሻይዎ ላይ ሳያነሱ፣ «ቀለም እኮ ነው፣ ሕፃን አይደለም! ብርድ ምን ያደርገዋል?» ብለው አሰናበቱኝ። መልሱ እንዲህ አጭርና ግልጽ በመሆኑ ደረጃውን እየወረድኩ ለራሴ ደግሜ ደጋግሜ ብየዋለሁ።

፪ኛ፦ ለባለቤቴ ሥራ ስለፈጠሩለት እናመሰግናለን። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከመሪ በቀር በእጁ ሌላ ነገር ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው። በማግስቱ ማለዳ፣ ውርጩ ገና ግድግዳው ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ሳለ፣ ሹራብ በሹራብ ደርቦ መሰላል ላይ ወጣ። ቀለሙ በብርዱ ረግቶ ቅቤ ሆኗል፤ ሮለሩ አልሽከረከር ብሏል፤ እሱ ግን መሪ እንደያዘ ሰው ከላይ ሆኖ «ከመንገድ ዞር በሉ!» እያለ ይገፋል። አማቴ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ግድግዳ እየቀባህ ነው ወይስ ዳቦ ላይ ማርማላታ?» አሉት። ያም ሆነ ይህ ጀንበር ስትጠልቅ ጨረሰ፤ ቤታችንም ለአንዲት ምሽት በእውነት አማረበት።

ጠዋት ስንነሳ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ጠበቀን። ከመስኮቱ በላይ የነበረው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ በታች የነበረው ወደ መሬት ወርዷል። አማቴ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጥተው፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ «ይሄ ቤትስ ጉንፋን ይዞታል፤ አፍንጫው እየፈሰሰ ነው» ብለው ፈረዱ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሮለሩን ወረወረ፤ ቀጥሎ ሮለሩ የወረደበትን የራሱን ጫማ አየ፤ ከዚያ በኋላ ሦስታችንም በሳቅ ሆዳችንን ይዘን መንገድ ዳር ተቀመጥን። ሳቁ ሲያልቅልን ግን ቀኑን ቆጠርን። ወሩ እየተገባደደ ነበር፤ የስፌት መኪናዬም በዚያ በሚፈስ ግድግዳ ውስጥ ነበረች።

የቀለሙን ባልዲ ጀርባ ያነበብነው ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ይላል፦ ግድግዳው ይጽዳ፣ በደንብም ይድረቅ፤ ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ ይቀባ፤ ጤዛ ሳይወርድ ሥራው ይቁም፤ ቀለሙም እስኪጠና ድረስ ከብርድና ከእርጥበት ይጠበቅ። በአጭሩ፣ ክቡርነትዎ፣ ሕፃን ነው።

፫ኛ፦ ሙያዬን ስላሰፉልኝ እናመሰግናለን። ሕፃን ከሆነ ልብስ ያስፈልገዋል፤ ልብስ ከተባለ ደግሞ እኔ አለሁ። የባለቤቴ ወንድም የጭነት መኪናውን ያለብስበት የነበረ አሮጌ ሸራ ነበረው፤ እሱን ተቀብዬ የቤቴን ልክ ወሰድኩ። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ወገቡ ጋ ትንሽ ጎበጥ ይላል፤ ዕድሜ ነው፣ አልፈርድበትም። ለቤት ካፖርት ቁልፍ እንደማያስፈልግ አላጣሁትም፤ ግን እጄ ለምዶ ቁልፍ ተከልኩለት፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ደግሞ ኮሌታ አወጣሁለት። ባለቤቴ የተሸበሸበውን ቀለም ፋቀ፣ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣ አጠበ፣ አደረቀ። ፀሐይ ግድግዳውን አሙቃ ስትጨርስ ጀመረ፤ ከምሳ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አቆመ። ሸራው ቀለሙን እንዳይነካው በእንጨት ደገፍነው፤ ካፖርቱን ቆለፍነው፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ውስጥ አስገባነው። ባለቤቴ ማሞቂያውን ይጠብቃል ተብሎ ገብቶ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው፤ ከቤት ውስጥ ይልቅ ይሞቃል አለ።

ቀለሙ ያዘ። በጥፍሬ ብጭረው አልላጥ አለኝ፤ በደስታ ባሌን ትቼ ግድግዳውን ሳምኩት።

ወሬው ከእግሬ ፈጥኖ ዞረ። ጎረቤታችን መላጣው ፀጉር ቆራጭ ቀድሞ መጥቶ፣ «ለኔም ቤት ስፊለት፤ ግን ኮፍያ ይኑረው። ራስ ሲበርድ እንዴት እንደሚያንገበግብ የማውቀው እኔ ነኝ» አለ። ኮፍያ ጨመርኩለት። ካፖርቱ ከቤት ወደ ቤት እንደ ታላቅ እህት ቀሚስ ሲወርድ፣ ለሰፊው ስፌቱን እየለቀቅሁ፣ ለጠባቡ እየያዝኩ፣ መንገዳችን አንድ ቤት ሲለብስ አንዱ ሲያወልቅ ሰነበተ። ክቡርነትዎ፣ ዕቃ ዕቃ እንደመጫወት ያለ ደስታ ነበር፤ ቤቱ ብቻ ትልቅ ሆነ እንጂ።

፬ኛ፦ «ቤቶችን ያለፈቃድ ልብስ ማልበስ የከተማውን ገጽታ ያበላሻል፤ ልብሱ ባስቸኳይ ካልወለቀ ሱቁ ይታሸጋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፈው አላረካዎ ብሎ፣ በአካል ስለመጡልን ምስጋናችን ወደር የለውም። የመጡበትን ጠዋት መቼም አንረሳውም። በዚያው ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ የጽሕፈት ቤትዎ በር ምሰሶዎች ተቀብተው ኖሯል፤ እርስዎም መኪናዎ እስኪመጣ ደገፍ ብለውባቸው ኖሯል። ይህን እኛ ያወቅነው በኋላ ነው። ከመኪናዎ ሲወርዱ ያየነው ከፊት ጥቁር፣ ከኋላ ቢጫ የሆነ ካፖርት ነው።

በሬ ላይ ቆመው፣ ጀርባዎን ለጎረቤቱ ሁሉ ሰጥተው፣ «በመመሪያው መሠረት የተቀባ ቀለም በማንኛውም ወቅት ይይዛል!» ብለው ተናገሩ። በእርግጥም ይዞ ነበር። ፀጉር ቆራጩ ፎጣውን አፉ ውስጥ ጎሰረ፤ እኔ ፊቴን ያን ዕለት ፀጉር ቤቱ ለብሶት ወደነበረው ሸራ አዞርኩ፤ «ማነሽ አንቺ? ምን ያስቅሻል?» ያሉኝም ያን ጊዜ ነው። አማቴ ግን ሰው መፍራት ከተዉ ቆይተዋልና ጠጋ ብለው፣ «አይዞህ ልጄ፣ አንተንማ አያሽጉህም፤ ተቀብተሃል» አሉዎ።

ካፖርትዎን አውልቀው አዩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምጽፈው ለመቀለድ አይደለም። በሸሚዝ ብቻ ቆመው ሲንቀጠቀጡ ባለቤቴ አላስቻለውም፤ ክንድዎን ይዞ በሸራው ውስጥ፣ ማሞቂያው አጠገብ አስገባዎ። ጣትዎን ዘርግተው ግድግዳውን ነኩ፤ ጣትዎን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፤ ንጹሕ ነበር። ሊስቁ ትንሽ እንደቀረዎ እኔ አይቻለሁ፤ ይክዱኝ ይሆናል እንጂ አይቻለሁ። ሱቄን ሳያሽጉ፣ የባለቤቴን አሮጌ የሹፌር ጃኬት ለብሰው ሄዱ። ጃኬቱን ሳይቸኩሉ ይመልሱልናል።

፭ኛ የሚባል ምስጋና አዘጋጅቼ ነበር፤ ግን ምስጋና ሳይሆን ልመና ሆኖ ወጣብኝ። ወሩ አለቀ፤ መንገዳችን ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ ቀለሙም እንደያዘ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን እስከዛሬ እናንተ ዘንድ ባለው ፋይሌ ውስጥ አለ፤ የተቆጣ ጸሐፊ ባወጣው ቁጥር ሱቄን ሊያሽግ ይችላል። ስለሆነም ሱቄን ሳያሽጉ እንደተዉልኝ ሁሉ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍም እንዲሰርዙልኝ፣ የሚቀጥለውንም መመሪያ ዝንብ በምትበርበት ሞቃት ወር እንዲያወጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ። በምላሹ ለጽሕፈት ቤትዎ ሕንፃ ካፖርት እሰፋለሁ። ለልኬት ግን ሕንፃው ራሱ መምጣት ስለማይችል እርስዎ ቢመጡ ይበቃል፤ በር ላይ ማንነትዎን የሚጠይቅ አይኖርም።

በመንገዱ ቢጫ ነዋሪዎች ሁሉ ስም፣ ከማያልቅ አክብሮትና ከጥቂት ሳቅ ጋር፣

የቤት፣ የሰውና የሕንፃ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት ልዳፈርዎ ብዬ አይደለም። መጀመሪያ በጽሕፈት ቤትዎ አዲስ የተቀባ ግድግዳ ላይ በጥሩ ሙጫ ለጥፌው ነበር፤ ሙጫው ወረቀቱን አልለቀቀም፤ ወረቀቱም ቀለሙን አልለቀቀም፤ ቀለሙ ግን ግድግዳውን ለቆ ሦስቱም አንድ ላይ ወደቁ።