«ሰላጣህን በላህ ወይ?» ላልሽኝ

ለውድ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ደህንነትሽን ከመጠየቄ በፊት ጥፋቴን ላስቀድም፤ ሰላምታዬ በውሸት ላይ እንዳይቀመጥ። እሑድ እሑድ ስትደውዪ «አባዬ፣ ሰላጣህን በላህ ወይ?» ትዪኛለሽ። እኔም «እንዴታ! ሳህኑን ጠርጌ ነው የተነሣሁት» እልሻለሁ። ልጄ፣ እናትሽ ካረፈች ወዲህ አንድም ቀን ሠርቼ አልበላሁም። ኑሮዬ ዳቦ በሻይ ነው። ሐኪሙ ስለ ስኳሬ ያለውን ደግሞ አንቺም እኔም እናውቃለን። ይህን በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ወደ ሌላ ወሬ ዞርኩ።

አሁን እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ልልሽ ነበር፤ ግን ዛሬ እውነቱን ብቻ ልጻፍ።

ለምን እንደዋሸሁ ራሴን ስመረምር ሰነበትኩ። ስንፍና መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለጸሎት ቆሜ ጤና ስለምን፣ ልቤ «ብትታመም እኮ ትመጣለች» አለኝ። ክው አልኩ። ለካ በአፌ ጤና እየለመንኩ በሆዴ ሕመም ስጠብቅ ኖሬአለሁ! አንቺ ሥራሽን ጥለሽ፣ ልጅሽን ይዘሽ፣ አልጋዬ አጠገብ እንድትቀመጪልኝ። አባት እንዲህ ይመኛል? ናፍቆት ክፉ ነው ልጄ፤ ሰውን በገዛ ጤናው ያስቆምረዋል።

በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ድፍን ምስር ገዛሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ጎመን መክተፍ አያቅተኝም ብዬ፣ እንደ ገበር ጨርቅ አሳስቼ ከተፍኩት። ቀይ ሥሩን ግን ጥሬውን ልጬ፣ ቆራርጬ ጣድኩት። ውሃው ደም መሰለ፤ ሥሩ ገርጥቶ ቀረ። ጎረቤታችን አዋላጇ ጨው ልትጠይቅ ገብታ ድስቱን ስታይ «ምነው፣ ማንን አዋለድክ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ሳቋ ሲበርድላት «ከነቆዳው፣ ከነጭራው ነው የሚቀቀለው! ቆዳው ከበሰለ በኋላ በጣት ይገፈፋል። ያን ሁሉ ዓመት ከሚስትህ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጠህ ምን ስታይ ኖርክ?» አለችኝ። እሷን፣ አልኩ በሆዴ።

ዛሬ እንደገና ጀመርኩ። ጎመኑን ውሃ እስኪያወጣ በጨው አሸሁት። ምስሩን ከእሳት እንዳወረድኩት ሎሚ፣ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት አጠጣሁት። እናትሽ «ምስር ሎሚውን የሚጠጣው በትኩሱ ነው፤ ከቀዘቀዘ በላዩ ያልፋል እንጂ አይገባውም» ትል አልነበር? ስትናገረው ሰምቼ እንዳልሰማሁ እሆን ነበር፤ አሁን ድምፅዋ ከድስቱ የሚወጣ መሰለኝ። የቀይ ሥሩ ቆዳ በአውራ ጣቴ ሥር ሸርተት ብሎ ሲወልቅ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያለው ቀይ አሻራ ያው ነው፤ ደም መስሎሽ እንዳትደነግጪ።

እንግዲህ ልጄ፣ ለሕመሜ ብለሽ አትምጪ። ሲመችሽ ለጨዋታ ነይ፤ እኔ ቆሜ በር እከፍትልሻለሁ።

ለዚያ ዝምተኛ አማቼ ሰላም በይልኝ፤ ዝምታው ራሱ ናፍቆኛል። አማትሽን ጉልበታቸው እንዴት ሆነ ብለሽ ጠይቂልኝ። የፊት ጥርሶቿን የጣለችውን ትንሿን እመቤት፣ የልጅ ልጄን፣ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ካሮቱን ለእሷ በስሱ ፈቅፍቂላት። አዋላጇም ስለ አንቺ «በእጄ የተቀበልኳት ልጅ እንዴት ናት?» ብላለች።

ሰላጣው ተቀላቅሎ ፊቴ ተቀምጧል። ብዕሩን ላስቀምጥና ልባርከው።

ተመልሼ መጣሁ። በልቻለሁ፣ ልጄ። ሳህኑን ጠርጌ ነው የተነሣሁት።

አባትሽ
ከወጥ ቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ፣ ታኅሣሥ ፲፪፣ ሳትደውዪ በፊት