«አንብቤላቸዋለሁ»

መቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣
ናዝሬት

አባባ፣ ዓይንዎ ከሕክምናው በኋላ እንዴት ሆነ? ብርሃኑን አሟልቶ ይመልስልዎ። ይህን የምታነብልዎት ተስፋነሽ እንደሆነች አውቃለሁ። እህቴ፣ ክፉ ነገር ስታዪ መዝለል ትወጃለሽ፤ ዛሬ ግን አደራሽን አንድ መስመር እንዳታልፊ።

ቡናው ተለቅሞ ደጅ ላይ ተሰጥቷል፤ ዝናቡ ግን አልቆርጥ ብሎ ስናነሳና ስናሰጣ እንውላለን። እማዬ ደህና ናት። «ያለ እሱ ቤቱ ጭር አለ» ትላለች። እርስዎ እያሉ «ይህ ሰውዬ ለአፍታ ዝም አይልም» ትል እንደነበር ባስታውሳት ሳቀች። አሁን የምጽፍልዎትን ግን እሷም አታውቅም። ለእሷ የምነግርበት አፍ የለኝም።

ባንኩ ውስጥ የሕግ ክፍል ተለማማጅ ሆኜ ስመደብ ጎረቤቱ «ዳኛው» እያለ ሲቀልድብኝ ያስታውሳሉ። ሥራዬ ውል መገልበጥና ማንበብ ለማይችል ሰው፣ ከመፈረሙ በፊት፣ ውሉን በሚሰማው ቋንቋ ማንበብ ነው። ካነበብኩ በኋላ ከጣት አሻራው ሥር «አንብቤለታለሁ» ብዬ እፈርማለሁ። አለቃዬ ጓድ ገብረ መስቀል ይህን ሥራ የሰጠኝ በእርስዎ ስም ነው። «ጎሬ ፍርድ ቤት ሃያ ዓመት ያስተረጎሙት ሰው ልጅ ነው» እያለ ለገባው ሁሉ ያስተዋውቀኝ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ እሰማ ነበር።

አምና ልክ በዚህ ወር፣ ፉፋ የሚባል ሰው ወፍጮ ሊተክል ብድር ጠየቀ። አክስቱን አዴ ዱሬቲን ይዞ መጣ፤ ወደ ሶር ወንዝ መውጫ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ያላቸው ባልቴት ናቸው። እሳቸው የመጡት ለፉፋ ምስክር ሊሆኑ መስሏቸው ነው። ውሉ ግን ዋስ ያደርጋቸዋል፤ ፉፋ ባይከፍል ቤታቸው ይሸጣል።

ጓድ ገብረ መስቀል አጠገቤ ቆሟል። ውሉ አራት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ በአማርኛ አንብቤ ወደ ኦሮምኛ ልመልስ ስል ቃል አጣሁ። የሰፈሩን ኦሮምኛ እንጂ የፍርድ ቤቱን መቼ ተማርኩ? እርስዎ ሊያስተምሩኝ ሲጠሩኝ ኳስ ሜዳ ነበርኩ። «ይቆዩኝ፣ ዲንቃን ጠይቄ ልምጣ» ማለት ይቻል ነበር። የእርስዎ ደቀ መዝሙር ዲንቃ ፍርድ ቤት ነው፤ ከባንኩ አምስት ደቂቃ አይርቅም። ግን የአስተርጓሚው ልጅ ቃል ጠፋው እንዳይባል አፈርኩ። የቀሩትን ገጾች ገለባበጥኩና «የፉፋ የወፍጮ ወረቀት ነው» አልኳቸው። «ቁባ ኬሰን አስ ካኣ» ብዬ ጣታቸውን የሚያሳርፉበትን ቦታ አሳየሁ። አሳረፉ፤ መረቁኝ። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

ፉፋ በሰኔ ጠፋ። ጋምቤላ ገባ ይላሉ። ባንኩ አዴ ዱሬቲን ከሰሰ። እሳቸውም «ዋስ መሆኔን ማንም አልነገረኝም» ብለው መልስ ሰጡ። ስለዚህ ለምስክርነት ተጠራሁ።

ከችሎቱ በፊት ጓድ ገብረ መስቀል ቢሮው አስገብቶኝ፣ «ወረቀቱ አንብቤላቸዋለሁ ይላል። ፊርማው ያንተ ነው። ወረቀቱ ከዋሸ የዋሸኸው አንተ ነህ» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀጥሎም በጥር ቋሚ ሠራተኛ እንደምሆን አስታወሰኝ። አባባ፣ አስገደደኝ ብዬ በሰው አላላክክም። እሱ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፤ የቀረውን ፍርሃቴ ጨረሰው።

ማክሰኞ ዕለት ማልኩ። ዳኛው «ለእኚህ ሴት ውሉን በሚሰሙት ቋንቋ አንብበህላቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ አንብቤላቸዋለሁ።»

ዲንቃ ቃሌን አስተረጎመላቸው። አዴ ዱሬቲ ፊቴን ሲመረምሩ ቆይተው ዲንቃን የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ያን ጊዜ ለዳኛው እንዲህ አሉ፦

«ጅራታ ጎሬ ላይ የወንድሜን ሙግት ሲያስተረጉም አንዲት ቃል አላጎደለም። የጅራታ ልጅ አነበብኩላት ካለ አንብቦልኛል። እኔ ነኝ የረሳሁት፤ አርጅቻለሁ።»

ዲንቃ ይህን ወደ አማርኛ ሲመልስ ወደ እኔ አላየም። ጸሐፊው ጻፈው። ለመጪው ሐሙስ ለፍርድ ተቀጠረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ፤ እሷም እምቢ አለች።

በሌላ በር ልወጣ ስል አዴ ዱሬቲ ጠሩኝ። እጄን ይዘው ሳሙኝ፤ የእርስዎን ዓይን ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንተ ሕጉን ታውቃለህና፣ ከቤቱ የምወጣው መቼ ነው? ጓሮ ያለችው በቆሎ ሳትደርስ ነው?» አሉኝ።

ስለ ፍርዱ፣ ስለ ይግባኙ፣ ስለ ሐራጁ በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። አንድም ቃል አልጠፋኝም።

ከዚያ በኋላ ለዳኛው ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ቀደድኩ፤ እንደገና ጻፍኩ። ውሉን እንዳላነበብኩላቸው፣ ማክሰኞም በሐሰት እንደመሰከርኩ ይናገራል። በሐሰት የመሰከረ ሰው እንደሚታሰር ራሴው ተምሬዋለሁ። ትናንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ፍርድ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ዛሬም እንዳልመለስ እፈራለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ ፖስታ ቤት እጥላለሁ። እርስዎ ካወቁ በኋላ ዝም ብዬ ልኖር አልችልም። ከፖስታ ቤቱ በቀጥታ ወደ ዳኛው እሄዳለሁ።

ምን ላድርግ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። መልስዎን ብጠብቅ ሐሙስ ያልፋል። ይቅርታም አሁን አልለምንም። ስለ እኔ የሚጠይቅዎት ጎረቤት ቢኖር ግን፣ ባንክ ይሠራል አይበሉ።

እግዚአብሔር ዓይንዎን ይማርልኝ፤ እማዬን ከሐዘን ይጠብቅልኝ። ተስፋነሽ፣ ስታነቢ ካለቀስሽ አባባ እንዳይሰማ ቀስ በይ። እሳቸው ዝም ካሉ ደግሞ ምን እንዳሰቡ አትጠይቂልኝ።

ልጅዎ
ነመራ