ታጥበው ስላለቁት ሁለት መስኮቶች

ለተከበሩ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የማይነቃነቅ፣ ቀንዎም እንደ አዳራሹ ወለል የተወለወለ ይሁንልዎ። እኔ የምድር ቤቱ ቤተ ሙከራ ባለሙያ ነኝ፤ በእርስዎ ቸርነት ሥራ ስለፈታሁ እንደ ልቤ እጽፍልዎታለሁ።

፩. ሥራዬ ከፀጉር በቀጠነ ፕላስቲክ ላይ የኢንፍራሬድ ጨረር እየላክሁ ምን ያህሉ እንዳለፈ፣ ምን ያህሉ እንደተመለሰ፣ ምን ያህሉም እዚያው ሰምጦ እንደቀረ መለካት ነበር። መሣሪያው ጨረሩ የሚያልፍባቸው ሁለት ትንንሽ ተነቃይ መስኮቶች ነበሩት፤ ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ ከጨው ነው የሚሠሩት። አዎን፣ ከጨው። እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተብሎ "መስታወት ነክ የሆነ ሁሉ በውሃና በሳሙና ይታጠብ" የሚለው ትእዛዝዎ ሲወጣ እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ክፍሉ ያበራል፤ መስኮቶቹ ግን ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፈው ከእጣቢው ጋር ወደ ቱቦው ወርደዋል። ለንጽሕና ስላለዎት ፍቅር ከልብ አመሰግናለሁ።

፪. "የመሣሪያው ሁለት መስኮቶች የሉም" ብዬ ባመለክት፣ አናጢ ከነሜትሩ ልከው የክፍሌን መስኮቶች አስቆጠሩልኝ። ሦስቱም አሉ። አናጢው በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ ማጠፊያዎቹን ዘይት ቀብቶልኝ ሄደ።

፫. ይህኛው ግን አያስቅም። አጣሪ ኮሚቴዎ ብዙ ከመከረ በኋላ ጥፋተኛዋን አገኘሁ ብሎ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸውን የጽዳት ሠራተኛችንን ከሥራ አግዷል። እትዬ አሥራ አንድ ዓመት ይህን ሕንፃ ሲያጸዱ አንዲት ብልቃጥ አልሰበሩም። እጠቢ ተባሉ፣ አጠቡ። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚለውን ተረት እዚህ ላይ መጥቀስ አምሮኝ ነበር፤ ክብርዎን አስቤ ተውኩት። ተናድጃለሁ፤ በትሕትና ቢሆንም በጣም ተናድጃለሁ። መስኮቱ ይቅር፣ ሌላ ይገዛል፤ እትዬ ግን ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራቸው ይመለሱልን።

ይህን ደብዳቤ ሳያጥቡ እንደሚያነቡልኝ በጽኑ የማምን፣

መለኪያ አልባው ታዛዥዎ፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እትዬ ባልዲውን ከማንሳታቸው በፊት አራተኛ ፎቅ፣ ቢሮዎ ድረስ ወጥተው "ይኼ ነገር ውሃ ይችላል ወይ?" ብለው መጠየቃቸውን፣ የተሰጣቸው መልስም "አንቺ ምን አገባሽ፣ እጠቢ" የሚል እንደነበር እዚያው ቆሞ የሰማ ሰው ነግሮኛል። በዚህ ሁሉ የምርምር ሕንፃ ውስጥ ያን ሰሞን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የታገዱትም እሳቸው ብቻ።