ማዕበሉ ትንሽ ነው ያልሽበት ገጽ

ለልጅ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ፣ የኔ ቀጭን? በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ አሁንም እርሳስ ፀጉርሽ ውስጥ ሰክተሽ እርሳስ ፍለጋ ቤቱን ታምሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል፤ አያትሽ ዘይት ላድርግልህ እያለች ትስቅብኛለች።

የላክሽልኝን የመመረቂያ ጽሑፍ ጨረስነው። «ጨረስነው» ያልኩት ያነበበችው እሷ ስለሆነች ነው። በስተርጅና ሒሳብ ትማር ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ምልክቶቹን በስማቸው ስለማታውቅ «ይቺ እንደ መንጠቆ የታጠፈችው፣ ከእግሯ ሥር ዜሮ ያለባት» እያለች ትነግረኛለች፤ እኔ በሐሳቤ እጽፋለሁ። አንድ ገጽ ሳንጣላ አናልፍም። «ዕድሜ ልክህን አስተምረህ ይቺን ካላወቅክ ደመወዛቸውን መልስላቸው» አለችኝ።

ሐሳብሽ ያምራል። ውሃ በአሸዋ ውስጥ ወፍራም ዘይት ሲገፋ፣ የሁለቱ ድንበር ጣት እያወጣ ይበጣጠሳል። ዘይቱ ውሃውን ሲገፋ ግን ድንበሩ የቱንም ያህል ቢናወጥ ተመልሶ ይረጋል ብለሻል። እኔም እውነት በሆነ ብዬ የኖርኩት ነገር ነው። ግን የኔ ልጅ፣ መሃል ላይ «ማዕበሉ ትንሽ ነው እንበል» ብለሽ፣ መጨረሻው ላይ ማለትሽን ረሳሽው። ድንበሩን ስለሚያናውጠው ትልቅ ማዕበል ያረጋገጥሽው ነገር የለም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ያንን ገጽ ደጋግሜ ሳስነብባት «መንጠቆዋ እንደሆነች አልተቃናችም!» ብላ ጮኸችብኝ።

የሚቆጨኝ ስህተትሽ አይደለም። ለፈታኞችሽ ከመስጠትሽ በፊት ልነግርሽ ይገባ ነበር። እንደ ድሮዬ ቁጭ ብዬ በገዛ ዓይኔ በአንድ ጀንበር ብጨርሰው ኖሮ እደርስ ነበር። በደወልሽ ቁጥር «አባባ፣ አነበብከው?» ስትይኝ «እያጣጣምኩት ነው» እያልኩ አሾፍኩብሽ። በቀልድ ያባከንኩት ጊዜ የኔ አልነበረም፣ ያንቺ ነበር።

የፈተናሽ ቀን ገና ነው። ሳይቀድሙሽ ራስሽ ንገሪያቸው። ለትንንሾቹ ማዕበሎች የሠራሽው ማንም አይነካውም፤ እሱን ይዘሽ ቅረቢ። ስህተቱን ማን አገኘው ካሉሽ ሴት አያቴ በያቸው።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በፈታኞችሽ ፊት ሞገስ ይስጥሽ። አያትሽ ይህን ስትጽፍልኝ እዚህ ጋ ስትደርስ «ሌላውንም ንገራት እንጂ» ብላ ብዕሯን አስቀመጠች። ቀጥይ አልኳት። የታረመውን በፖስታ አትላኪልኝ። መጥተሽ አንብቢልኝ።

የሚያበሽቅሽ አያትሽ